የጽድ ማርያም ክልክል ጠባቂ

አያ ዋኘውን በቅጡ አውቀዋለሁ የሚል ሰው ቢገኝ፣ ይህን ታሪክ እሱ ቢጽፈው ይሻል ነበር። አልተገኘም። የጽድ ማርያም ሰዎች ስለ እሱ ሲጠየቁ መጀመሪያ «ሸጋ ሰው ነበር» ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ «ሸጋም ይሁን ክፉ፣ እንጃ» ብለው ቃላቸውን ይመልሳሉ። ስለ እሱ ከማንም አብልጣ ስታስብ የኖረችው ሽታዬ ናት። እሷም ብትሆን የምታውቀው ጥቂት ነው። እዚህ የሚነገረው እንግዲህ ሽታዬ ያየችውና የፈራችው እንጂ የሰውየው ሙሉ ሕይወት አይደለም።

ጽድ ማርያም ከትክል ድንጋይ ገበያ ሽቅብ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ደጋ ነው። ቤተ ክርስቲያኗን የከበቧት ጽዶች የደብሩ ናቸው። ከነሱ በላይ ገደሉን ይዞ የሚወጣው ደን የመንግሥት ነው ይባላል። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው ጨፌ ግን የሁሉም ነው፤ የሁሉም ስለሆነም በየዓመቱ ይከለከላል። የሰኔ ሚካኤል በዋለ ማግስት ከብት ሁሉ ይወጣለታል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ኅዳር የጥጃ ኮቴ አይረግጠውም። ኅዳር ላይ ጭቃ ሹሙና ሽማግሌዎቹ ቀን ቆርጠው ሲከፍቱት፣ እያንዳንዱ ቤት በድርሻው አጭዶ ድርቆሹን ይከምራል፤ የቀረውን ከብቱ ይግጠዋል። በጋውን የሚያሻግረው እሱ ነው። ክልክሉ በተደፈረ ዓመት ጥር ላይ የሚወድቀው የአንድ ሰው ከብት ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ጠባቂ ይመረጣል። ሲመረጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ከብት የሌለው፣ ዘመድም የሌለው መሆኑ ነው፤ ከብት ያለው ለከብቱ፣ ዘመድ ያለው ለዘመዱ ማዳላቱ አይቀርም ይባላል። ዋኘው ሁለቱም አልነበረውም። ጣልያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት አንድ ቀን ጋቢውን ደርቦ፣ ወንጭፉን አንጠልጥሎ መጣ። ከጃናሞራ ነው የመጣው የሚሉ አሉ፤ የለም ከጭልጋ ነው፣ ሲደነግጥ በቅማንትኛ ነው የሚናገረው የሚሉም አሉ። ለምን እንደመጣ የጠየቀው የለም። በዚያ ዘመን ቤቱ የተቃጠለበት፣ ወገኑ ያለቀበት ሰው ብዙ ነበርና መጠየቁ ነውር መሰላቸው። ከጨፌው ዳር ጎጆ ቀለሰ፤ መካከሉ ላይ በጽድ እንጨት ማማ ሠራ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ማማው ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። በመከር እያንዳንዱ ቤት ገብስ ይሰፍርለታል። ሲኖር የታየው ይኸው ነው።

ከብት ጥሶ ሲገባበት አይደበድብም። እየመራ ወስዶ ከጎጆው ጓሮ ካለው በረት ያስገባና፣ ባለቤቱ ዋስ ጠርቶ እስኪመጣ ድረስ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ የጭቃ ሹሙ የቢያዝን ላም ተይዛ ነበር። ቢያዝን ራሱ መጣ።

«ዋኘው፣ እኔን ደግሞ ዋስ ጥራ ልትለኝ ነው?»

«ላሟ የማን እንደሆነች አልነገረችኝም፣ አያ ቢያዝን።»

«እኔ እነግርሃለሁ፤ የኔ ናት!»

«እንግዲያው ዋስ ጥራ።»

ቢያዝን ከሳቀ በኋላ ዋስ ጠራ። ከዚያ ወዲህ ዋኘውን የሚደፍረው ጠፋ። ሴቶቹ ብቻ ምንጭ ላይ ሲገናኙ ይቀልዱበታል። «ሚስት የማያገባው ሣሩ እንዳይቀናበት ነው» ትላለች የሽታዬ ጎረቤት ባንቺአየሁ። አፏ የማያርፍ ሴት ነበረች።

ሽታዬ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ልጇን አዘዞ የዳረች፣ አንድ በሬ ያላት ሴት ናት። በሬው ቦራ ይባላል። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና፣ የባሏ ወንድም ማሩ የራሱን በሬ ከቦራ ጋር አቀናጅቶ የሁለቱንም መሬት ያርሳል። ማሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓይኑ ግን ከሟች ወንድሙ መሬት ላይ ተነቅሎ አያውቅም።

«ቦራ አረጀብሽ እኮ፣ ሽታዬ» ይላታል እየሳቀ። «እሱ የተኛ ዕለት መሬቱን በእኩል ስጪኝ፤ አርሼ ምርቱን እንካፈል። አንቺም እጅሽን አጥፈሽ ትበያለሽ።»

«አንተ ቀድመህ እንዳትተኛ!» ትለዋለች እሷም እየሳቀች። ማታ ግን እንቅልፍ አይወስዳትም። በእኩል የተሰጠ መሬት ለባልቴት ተመልሶ ሲመጣ አላየችም።

ነገሩ የሆነው በአርባዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ ሰኔ ሲያልቅ ጀመረ። ገለባው ከተሟጠጠ ቆይቷል፤ ተራራው ገና አልለመለመም፤ የገብስ ዘር ደግሞ ደርሷል። ቦራ ጎኑ ገባ፤ ዓይኑ ጠለቀ። ጠዋት ጠዋት ሽታዬ ጅራቱን ይዛ፣ በትከሻዋ ደግፋ ታስነሳዋለች። ማሩ እንዳያይባት ደጁን ዘግታ ነው ይህን የምታደርገው።

ሥርዓቱ ጨካኝ አልነበረም። በሬ የደከመበት ሰው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆሞ «በሬዬ ወድቋልና ስለ ማርያም» ካለ፣ ከክልክሉ አንድ ሸክም ሣር ይፈቀድለታል፤ ዋኘው ራሱ አጭዶ ያሸክመዋል። ነገር ግን በሕዝብ ፊት ነው የሚባለው። ሽታዬ ያን ቃል ብታወጣ ማሩ ይሰማል። ማሩ ከሰማ ደካማ በሬ ከበሬዬ ጋር አላቀናጅም ይላል፤ እውነት አለውም። ካላቀናጀ መሬቱ ጦሙን ያድራል፤ ወይም በእኩል ይሄዳል። እሑድ መጣ፤ ሽታዬ ነጠላዋን አጣፍታ ከሴቶቹ መካከል ቆመች፤ ቃሉን ግን አላወጣችም። ሕዝቡ ተበተነ።

ሐምሌ በገባ ሰሞን አንድ ማለዳ ቦራ አልነሣ አለ። እየለመነችም እየሰደበችም ስታስነሳው ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደጁን ጉም ውጦታል። ወዴት እንደምትሄድ ለራሷም ሳትነግር ገመዱን ያዘችና መራችው።

ምንጩ በሚፈልቅበት ጥግ የጨፌው ሣር ከሌላው ቀድሞ ጉልበት ደርሷል። ቦራ አንገቱን ደፋ። ሣሩን ሲነጭ የሚሰማው ድምፅ ለሽታዬ እንደ ነጋሪት ሆነባት። ማማውን በዓይኗ ፈለገች፤ ጉሙ ሸፍኖታል። እኔ ካላየሁት እሱም አያየኝም ብላ ራሷን አጽናናች። ወዲያው ከማማው አቅጣጫ ሳል ሰማች። አንዴ ብቻ። የሰው ሳል ይሁን የጭላዳ ዝንጀሮ ጩኸት ልትለየው አልቻለችም። ጠበቀች፤ የመጣ የለም። ቦራን ጎትታ ተመለሰች።

ቀኑን ሙሉ ዋኘው መጥቶ በሬውን እስኪወስድባት ጠበቀች። አልመጣም። ሳሉን የጭላዳ ነው ብላ ቆጠረችው። ጉም በወረደ ማለዳ እንደገና ሄደች፤ ከዚያም እንደገና። ቦራ በራሱ ጊዜ መነሣት ጀመረ። ማሩ ሞፈሩን ተሸክሞ ሲመጣ በሬው ደጅ ላይ ቆሞ አገኘው።

«ምን አብልተሽው ነው? ትናንት የሞተ መስሎኝ ነበር!»

«የኔን ድርሻ ነው ያበላሁት» አለች ሽታዬ። ማሩ ሳቀ፤ ቀንበሩን ጫነ። ገብሱ ተዘራ።

ዘሩ ባለቀ ማግስት ነው ዋኘው በደጇ ያለፈው። ከዚያ በፊት ደጇ ላይ ቆሞ አያውቅም። ያን ቀን ቆመ።

«እንደምን ዋልሽ፣ ሽታዬ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው በደህና፣ አያ ዋኘው?»

«በደህና። ቦራ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው... ምነው?»

«ደህና ከሆነ ሸጋ ነው» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ሽታዬ ከአጥሩ ሥር ሆና ተከተለችው በዓይኗ። ወደ ጎጆው አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ወደ ቢያዝን ቤት ወጣ። እዚያው በቆመችበት ተቀመጠች። አበቃ፣ አለች በልቧ፤ አሁን ይጠሩኛል።

አልጠሯትም። ዋኘው ለጭቃ ሹሙ የነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጨፌው ከምንጩ ጥግ ተበልቷል» ነው ያለው። ማን እንዳስበላው ሲጠየቅ፣ «መበላቱን ልነግርህ ነው የመጣሁት» ብሎ ተመለሰ።

ቢያዝን ነገሩን ቀላል አላደረገውም። በግንቦት ከጎንደር የመንግሥት ደን የሚለካ ሰው መጥቶ፣ ገመድ ሲያስዘረጋና ጽዶቹ ላይ ቀይ ቀለም ሲቀባ ሰንብቶ ነበር። ሲሄድ ጨፌውን ከዳር እስከ ዳር አይቶ፣ «ይህን ማነው የሚጠብቀው?» ብሎ ጠየቀ። «እኛው» አሉት። «ጠብቁት እንግዲህ፤ ካልቻላችሁ ከደኑ ጋር ይጠቃለላል» አለና በበቅሎው ሄደ። ቢያዝን ያን ቃል አልረሳውም። በየሄደበት ይናገረዋል። «ሰዎቹ ምክንያት ነው የሚፈልጉት። አንድ በሬ ጨፌያችንን ሊያስወስደን ነው!»

እሑድ ቄስ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን አንሥተው ከቤተ ክርስቲያኗ ደጅ ቆሙ። «በክልክላችን ከብት ያስገባ፣ ሲያስገባም አይቶ የሸሸገ፣ እንደ አርዮስ ውጉዝ ይሁን። ወጥቶ እስኪናገር ድረስ ከዚህ ደጅ አይግባ» አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። የሽታዬም ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም።

በሚቀጥለው እሑድ መቅረት አልቻለችም። ብትቀር ሰው ያውቅባታል። ደጁን ስትሻገር መሬቱ የሚከፈት መስሏት ነበር። ገባች፤ ምሰሶ ተደግፋ ቆመች፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ አንድ ቃል አልሰማችም። ስትወጣ ዋኘውን አየችው። ከቅጥሩ ውጭ፣ ከአንድ ጽድ ሥር፣ በዝናቡ ውስጥ ቆሟል። በሚከተለው እሑድም እዚያው ነበር።

የምትፈራው ነገር ሁለት ሆነባት። ካየኝ ዛሬ ወይም ነገ ይናገራል። ካየኝና ካልተናገረ ደግሞ በኔ ምክንያት ውጉዝ ሆኖ ከደጅ ቀርቷል። ምንጭ ላይ ባንቺአየሁን አገኘቻት፤ እንደ ዋዛ አድርጋ ልትጠይቃት ሞከረች።

«አያ ዋኘው ምነው ከውጭ ይቆማል?»

«ድሮስ የት ይቆም ነበር?»

«ይገባ አልነበረም እንዴ?»

ባንቺአየሁ እንስራዋን አስቀምጣ አሰበች። «እንጃ እናቴ። ገብቶም ይሁን ሳይገባ ማን አይቶት ያውቃል? ማማው ላይ እንጂ ሌላ ቦታ አይቼው አላውቅም» አለች። ከዚያ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሱን መቆሚያ የምትቆጥሪው? ልታገቢው ነው?» ብላ ሳቀች። ሽታዬም ሳቀች።

ሌላ ሰውም ጠየቀች፤ ሌላውም እንጃ አለ። ያን ያህል ዓመት አብረውት ኖረው፣ ዋኘው ቅዳሴ የሚያስቀድሰው ከውስጥ ይሁን ከውጭ የሚያስታውስ ሰው አልተገኘም።

በግዝቱ ወጥቶ የተናገረ ሰው ሲጠፋ ቢያዝን አውጫጭ ጠራ። አውጫጭ ማለት የአገሩ ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ የማይመለስበት ሸንጎ ነው። በሬ ቢጠፋም፣ ጎተራ ቢቃጠልም እንዲህ ነው የሚደረገው። ሰዉ ተራ በተራ ወደ ሽማግሌዎቹ እየቀረበ የሰማውን በጆሮ ይናገራል። የተናገረው ሰው ስም አይጠራም፤ «ወፍ ነገረችን» ነው የሚባለው።

ዝናብ ነበር። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በታጠረው ሜዳ ላይ ተቀመጡ። ሽታዬን ወክሎ የተቀመጠው ማሩ ነው። ሴቶቹ ስንቅ እያመላለሱ ከአጥሩ ውጭ ያቀብላሉ። ሽታዬ ለማሩ ዳቦ ይዛ ስትሄድ እግሯ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይሰንፋል።

«ምን ተባለ?» አለችው ዳቦውን እያቀበለች።

«ምንም። አረጋዊው ሁሉ ያስነጥሳል።»

«ወፍ አልተናገረችም?»

ማሩ ዳቦውን ቆረሰ። «አንዲት ወፍ ሴት ናት ብላለች አሉ። የእግር ዱካው ትንሽ ነው አለች አሉ።» ቀና ብሎ አያት። ምን እንዳለ ፊቱ ላይ ማንበብ አልቻለችም። «ዳቦው ሸጋ ነው። ጨው ግን ረስተሻል» አላት።

ያቺ ወፍ ማሩ ራሱ ይሆን? ከዚያ በኋላ ስታስበው የኖረችው ሌላው ጥያቄ ይህ ነው። ጥፋተኛ ሆና ብትወጣ ከክልክሉ ድርሻዋ ትነቀላለች፤ ያለ ድርቆሽ በሬ የለም፤ ያለ በሬ መሬቱ የማን እንደሚሆን የታወቀ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የሽማግሌዎቹ ትዕግሥት አለቀ። ዋኘውን ከመካከል አስነሡት። ሴቶቹ ከአጥሩ ውጭ ተጠጉ፤ ሽታዬ ከባንቺአየሁ ትከሻ ጀርባ ሆነች።

«ጠባቂው አንተ ነህ» አለ ቢያዝን። «ሣሩ በአንድ ቀን አልተበላም። ሰው ነው ከብት ያስገባው?»

«ሰው ነው።»

«ሴት ናት ወንድ?»

ዝናቡ ከዋኘው ጋቢ ጫፍ ይንጠባጠባል።

«አላየህም?»

ዋኘው ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ።

«ካላየህ አላየሁም ብለህ በቤተ ክርስቲያኗ ደጅ ማል። ማልና ሰዉ ወደ ቤቱ ይግባ። አረም አለበት፣ ከብት አለበት!»

«አልምልም» አለ ዋኘው።

«እንግዲያው አይተሃል!» አለ አንዱ ከኋላ።

«አየሁም አላልሁ።»

«የማይምል ሰው ምን ያለ ነው?» ሲል ሌላው ጮኸ። «ጌታ አትማሉ ብሏል ብሎ የማይምል አለ፤ ባሕታዊ ነው እንዴ እሱ?» አለ ሦስተኛው። ሜዳው በጫጫታ ተሞላ። ሽታዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አሁን ብትገባ፣ አሁን «እኔ ነኝ» ብትል፣ ያ ሁሉ በአንድ ቃል ያበቃል። አልገባችም። ባንቺአየሁ ዘወር ብላ፣ «ምነው ተንቀጠቀጥሽ? በረደሽ?» አለቻት።

«በረደኝ» አለች ሽታዬ።

ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ። መማልም መናገርም ያልፈለገ ጠባቂ ጠባቂ አይሆንም ተባለ። ማማው ይፍረስ፣ ጎጆው ይነሣ፣ የዓመቱ ገብስም አይሰፈርለት አሉ። ዋኘው እጅ ነሣ። ክርክር አላነሣም። ማማውን ራሱ አፈረሰው፤ እንጨቱን ቆልሎ ለደብሩ ተወው። ጋቢውንና ወንጭፉን ይዞ በመጣበት ሁኔታ ወጣ። በሽታዬ ደጅ ነበር መንገዱ። እሷ ከውስጥ ሆና በግድግዳው ስንጥቅ አየችው። በዚህ ጊዜ አልቆመም።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ጠባቂዎች ተመረጡ። አንዱ የቢያዝን አማች ነበር፤ ሁለት ላሞቹ በመጀመሪያው ክረምት ከምንጩ ጥግ ሲግጡ ታዩ። ሌላው ለራሱ ወገን ዓይኑን ጨፈነ፤ የቢያዝን አማች ደግሞ ለሱ ጨፈነለት። በየዓመቱ አውጫጭ መጥራት አይቻልም። የኅዳሩ ድርቆሽ እያነሰ፣ በጥር የሚወድቀው ከብት እየበዛ ሄደ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቀይ ቀለም የሚቀባው ሰው ተመልሶ መጣ፤ ጨፌውን አይቶ ራሱን ነቀነቀና በየዳሩ ካስማ አስተከለ። አሁን ካኪ የለበሰ፣ ደሞዝ የሚከፈለው ጠባቂ ቆሞበታል። ማንንም አያስገባም፤ ኅዳርም ቢሆን። ቦራ በሁለተኛው በጋ ሞተ። መሬቱ በእኩል ለማሩ ሄደ። ሽታዬ ያን ሁሉ ፈርታ ያዳነችው ነገር እንዲህ ከእጇ ወጣ፤ ያልወጣላት የዋኘው ነገር ብቻ ነው።

ግዝቱን ብዙ ዓመት ተሸክማ ኖረች። በመጨረሻ በአንድ ዐቢይ ጾም ቄስ ወልደ ገብርኤል እግር ሥር ወድቃ ተናዘዘች። ሽማግሌው እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ ንስሐዋን ሰጧት፤ ፈቷት። ስትነሣ ግን አንድ ነገር ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ አይቶ የሸሸገውስ?»

«እሱ በአንቺ አፍ አይፈታም፤ ራሱ ይምጣ» አሏት። «ያየ ሰው ካለ ነው። አየሁ ብሎ የመጣብኝ የለም። ሳይፈታ የሞተ እንደሆነ...» ብለው ቃላቸውን ሳይጨርሱ መስቀላቸውን አሳለሟት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዋኘው መኖሪያ የት እንደሆነ ማጠያየቅ ያዘች። ከትክል ድንጋይ ገበያ የሚመጣውን ሁሉ ትጠይቃለች። ወደ ቋራ ወርዷል ያላት አለ፤ ሞቷል ያላትም አለ። ሞቷል የተባለ ዕለት እህል አልቀመሰችም። ከዚያ አዘዞ ያለችው ልጇ እንኳየሁ በጎንደር መንገድ አንድ ሽማግሌ እንዳየች ላከችባት። «ቁስቋም ደጅ የደብሩን ዛፍ የሚጠብቅ፣ ከማንም የማይነጋገር ሰው አለ። ወንጭፍ ይይዛል» ብላ።

ሽታዬ ልጇን ለመጠየቅ ብላ ወረደች። የኅዳር ቁስቋም በዓል ሰሞን ነበር። ከአዘዞ ተነሥታ ጎንደርን አቋርጣ፣ ማኪና በመጣ ቁጥር ወደ ጥግ እየሸሸች፣ ዳገቱን ወጣች። ታቦት ወጥቶ ነበር፤ እልልታው ኮረብታውን ሞልቶታል። ሰዉ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገፋፋል። እሷ የቅጥሩን ድንጋይ በእጇ እየዳበሰች በውጭ በኩል ዞረች።

ከድሮው ግንብ ፍራሽ አጠገብ፣ ከዛፎቹ ሥር ተቀምጦ አገኘችው። ጢሙ ነጭ ሆኗል። አንዲት ፍየል ችግኝ ልትቀነጥስ ስትጠጋ ጠጠር ወርውሮ መለሳት፤ ከዚያ ሽታዬን አየ።

«አያ ዋኘው፣ ታውቀኛለህ?»

«ሽታዬ አይደለሽም? የማሩ ወንድም ሚስት።»

«ነኝ። እንዴት ነህ?»

«አለሁ። ጨፌው እንዴት ነው?»

«ተወሰደ» አለች።

ራሱን ነቀነቀ። «ምንጩስ? ይፈልቃል?»

«ይፈልቃል።»

«ይፈልቅ» አለ።

ሽታዬ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። እልልታው ቀረብ ብሎ ተሰማ፤ ታቦቱ እየዞረ ነው። ዋኘው ተነሥቶ ነጠላውን አደገደገና ወደ ቅጥሩ ዞሮ ሰገደ፤ ደጁ ክፍት ሆኖ ሳለ አልገባም። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ምነው አልገባህም፣ አያ ዋኘው? በዓሏ አይደለም?»

«ሰው ይበዛል።»

«ሰው በማይበዛ ቀንስ ትገባለህ?»

ፍየሏን ፈለገ በዓይኑ። ሽታዬ ጊዜው እንዳያመልጣት ፈራች።

«ያኔ ከብት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቦራን። ጉም የወረደ ጊዜ» አለች። ፊቱን አየች፤ ምንም አልተለወጠም። «ለቄስ ወልደ ገብርኤል ተናዝዣለሁ። እኔን ፈተውኛል። አይቶ የሸሸገ ካለ ግን ራሱ ይምጣ ብለዋል። ሸምግለዋል፤ አንተም ሸምግለሃል። ካየኸኝ ነገ አብረን እንውጣ፤ በቅሎ እለምናለሁ፣ አላስደክምህም። ካላየኸኝም ንገረኝ፤ አላየሁሽም በለኝና ልረፍ። ያን ጠዋት አይተኸኝ ነበር?»

ዋኘው ወደ ችግኙ የተመለሰችውን ፍየል በጠጠር መለሳት። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ፣

«ሽማግሌዎቹም ጠይቀውኝ አልመለስሁላቸውም» አላት። «ላንቺም አልመልስልሽም፣ ሽታዬ።»